መቅደላ በእንጨት ላይ

ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ፣ ደሴን አልፎ በኩታበር በኩል ወደ ተንታ የሚዘልቅ መንገደኛ መቅደላን ያገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያ አምባ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ ጋዜጦች ገና ፎቶግራፍ ማተም አይችሉም ነበር። የለንደን አንባቢ የእንግሊዝን ጦር ዘመቻ ያየው በእንጨት ቅርጽ ነው።

ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ሠዓሊውን ዊልያም ሲምፕሰንን ወደ አገራችን ልኮ ነበር። ከዘመቻ የተላከ ረቂቅ ለንደን ሲደርስ ቦክስዉድ በሚባል ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ላይ ግራ ቀኙ ተገልብጦ ይሣላል። የዛፉ ግንድ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ሥዕል የሚወጣው ብዙ ቁራጭ በቡሎን ተገጣጥሞ ነው። ሲቸኩሉ ቁራጮቹን ፈትተው ለየቀራጩ ያድላሉ። መጋጠሚያው በደንብ ካልተደፈነ ኅትመቱን ቀጭን ነጭ መስመር ያቋርጠዋል፤ አንዳንዴም በሰው ገላ መሐል ያልፋል።

መቅረጫው የፋቀው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልነካው ቀለም ይይዛል። የእኛን ሰው ፊት ማውጣት እንግዲህ ከጥቁሩ ላይ ብርሃንን በፀጉር ቅጥነት መፋቅ ነው። ጉንጭ ላይ አንድ መስመር ከበዛ ኀዘኑ ይጠፋል።

የሚቀረጽ ኀዘን ነበር፤ ሚያዝያ 3 ቀን ከመቅደላ አጠገብ እሮጌ ላይ 700 ያህል የቴዎድሮስ ሰው ወደቀ። የንጉሡ ባለቤት እቴጌ ጥሩወርቅም የሰባት ዓመት ልጃቸውን ዓለማየሁን ይዘው ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመው ዐረፉ። የዘመቻው ሰፋፊ ሥዕሎች ግን ዓይን የሚጠሩት ወደ ገደሉ፣ ወደ ሰልፉና መድፍ ወደተሸከሙት ዝሆኖች ነው። ሟቹ ከድንጋዩ ጋር ተቀላቅሎ ይታያል። ይህ ያንገበግበኛል።

ሟቹን ከፊት ያስቀደመ ሌላ ኅትመት ግን ነበር፤ የስፔናዊው ሠዓሊ የፍራንሲስኮ ጎያ የጦርነት መቅሠፍት ሥዕሎች ማድሪድ ላይ የታተሙት ከመቅደላ 5 ዓመት ቀድሞ፣ በ1863 እ.ኤ.አ. ነው። 80 ናቸው፤ መዳብ በአሲድ እየተበላ የተሠሩ። የማድሪድን ረኃብ በሚያሳዩት ላይ ጀርባው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ገጹን የያዙት የተራቡት ናቸው። የ1966ቱን ድርቅ፣ ደሴን በሚያቋርጠው አስፋልት ዳር የተኮለኮለውን ገበሬ የሚያስታውስ ወሎዬ እነዚህን ሰዎች ያውቃቸዋል።

የእንጨት ቅርጹ ሙያ አገራችንም ገብቷል። ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ቅርጽ ኅትመት አስተምሯል፤ ዘሪሁን የትምጌታ ከተማሪዎቹ አንዱ ነው። አንድ የደሴ ልጅ የመቅደላን ለቅሶ ከእቴጌይቱ ጎን ቆሞ ቢቀርጸው እመኛለሁ። ለእንጨቱ ወይራችን ይበቃዋል።