ለምርታችን የሚስማማ መያዣ እንምረጥ

አባቶቻችን «ካነጋገር ይፈረዳል፤ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ይህ አባባል ለገበያም ይሠራል። ገበሬው ወራቱን ሁሉ ያርሳል፣ ይኮተኩታል፣ ውኃ ያጠጣል። ምርቱ ግን ከማሳ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ ይጨፈለቃል፣ ይሰበራል፣ ይበሰብሳል፣ ወይም መጥፎ ሽታ ይይዛል። ነጋዴውም የተጎዳውን አይቶ ዋጋ ይጥላል። በዚህ ዓይነት የብዙ ወራት ልፋት በአንድ ቀን መንገድ ይጠፋል።

ምርቱን ከዚህ ጉዳት የሚያድነው መያዣው ነው። መያዣ የምንለው ጆንያውን፣ ቅርጫቱን፣ የእንጨት ሳጥኑን፣ ካርቶኑንና ጀሪካኑን ሁሉ ነው። ታዲያ የትኛው ምርት በየትኛው መያዣ ይያዝ?

1. የምርቱን ጠላት ማወቅ

እያንዳንዱ ምርት የራሱ ጠላት አለው። የቲማቲም ጠላት ክብደትና ሙቀት ነው። የእንቁላል ጠላት ግጭት ነው። የማር ጠላት እርጥበት ነው። የቡና ጠላት እርጥበትና ባዕድ ሽታ ነው። የምርቱን ጠላት ያወቀ ሰው መያዣ ለመምረጥ አይቸገርም። ቤት ውስጥ የተገኘውን ጆንያ አንስቶ ሁሉንም በእሱ መክተት ግን ኪሣራ ያመጣል።

2. ቲማቲምና የእንጨት ሳጥን

ቲማቲም ከተለቀመ በኋላም ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ይሞቃል። በጆንያ ታፍኖ ከተጫነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጫነዋል። የፈነዳው አንዱ ቲማቲም ጎረቤቶቹን ያበሰብሳል። ስለዚህ ቲማቲም በሳጥን መጫኑ ይሻላል። ሳጥን ሲያሠሩ ግን የሚከተሉትን ማስተዋል ያስፈልጋል።

ሀ/ ሳጥኑ ጥልቅ መሆን የለበትም። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙ ባይበልጥ ይመረጣል። ጥልቅ ከሆነ የታችኛው ይጨፈለቃል።

ለ/ በጣውላዎቹ መካከል አየር የሚያስገባ ክፍተት ይኑር።

ሐ/ የጣውላው የውስጥ ገጽ ይላግ። ስንጥርና የወጣ ምስማር የቲማቲሙን ቆዳ ይቀደዋል። ንጹሕ ወረቀት ወይም ደረቅ ሣር ቢነጠፍበት መልካም ነው።

መ/ ሳጥኑ አንድ ሰው ሳይቸገር የሚያነሳው ይሁን። ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ቢሆን ይበቃል። ከባድ ሳጥን ይወረወራል እንጂ በቀስታ አይወርድም።

ሠ/ ቲማቲሙ ከሳጥኑ አፍ በላይ አይቆለል። ሳጥን በሳጥን ላይ ሲደረብ ሸክሙን መሸከም ያለባቸው አራቱ ማዕዘኖች ናቸው፤ ቲማቲሙ አይደለም።

3. እንቁላልና የወረቀት ትሪ

እናቶቻችን እንቁላልን በጭድ ወይም በእህል መካከል ቀብረው ወደ ገበያ ይወስዱ ነበር፤ ዛሬም የሚወስዱ አሉ። ብልሃቱ ትክክል ነው። እንቁላል የሚሰበረው ከእንቁላል ጋር ሲጋጭ ስለሆነ ጭዱ ይለያየዋል። ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው የወረቀት ትሪም የሚሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

ለእያንዳንዱ እንቁላል የራሱን ቦታ የሚሰጥ የወረቀት መያዣ የፈለሰፈው ጆሴፍ ኮይል የተባለ የካናዳ ጋዜጠኛ ነው። ጊዜው በአውሮፓ አቆጣጠር 1911 ነበር። እንደሚነገረው አንድ ገበሬና አንድ የሆቴል ባለቤት እንቁላሉ ተሰብሮ ስለመጣ ይጣሉ ነበር። ኮይል ጠባቸውን ሰምቶ መላ ፈለገ፤ መላውም መያዣ ሆነ።

እንቁላል በትሪ ሲደረደር ሹሉ ጫፍ ወደ ታች፣ ሰፊው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። አየር ያለው በሰፊው ጫፍ በኩል ነውና። ቅርፊቱም ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ስላሉት ሽታ ይስባል። ስለዚህ እንቁላል ከነጭ ጋዝ ጋር አብሮ አይጫን። የቆሸሸ የወረቀት ትሪ ከቤት ወደ ቤት የዶሮ በሽታ ሊያዛምት ስለሚችል ይወገድ።

4. ካርቶን ጥንካሬውን ከየት አገኘ?

የካርቶን ጫፍ ቀደድ አድርጋችሁ ተመልከቱ። ሦስት ወረቀት ታያላችሁ። ሁለቱ ዝርግ ናቸው። መካከለኛው ግን እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ ሸንተረር አለው። ቀጭን ወረቀት ሸክም የሚችለው በዚህ ሸንተረር ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ካርቶን ውኃ ከነካው ይልማል፤ ሲደረብም ይተኛል። ስለዚህ ለደረቅና ለቀላል ዕቃ ጥሩ ነው፤ ለእርጥብ አትክልትና ለዝናብ መንገድ ግን አይሆንም።

5. ማር

ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ከ100 ክፍል ከ20 በላይ ውኃ ከሆነ ሊቦካ ይችላል። ስለዚህ መያዣው ደረቅና አፉ በደንብ የሚገጥም መሆን አለበት። ማር አሲድነት ስላለው ተራ ቆርቆሮን ይበላል፤ ዝገቱም ወደ ማሩ ይገባል። ብርጭቆ ወይም ለምግብ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል። ማር ከውኃ እንደሚከብድም አንርሳ። 1 ሊትር ውኃ የሚይዝ ዕቃ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ማር ይይዛል። ይህን የማያውቅ ሰው በሊትር ሸጦ በኪሎ ይከስራል።

6. የመርዝ ዕቃ ለምግብ አይሆንም

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን ጀሪካን ወይም ጆንያ አጥቦ ለምግብ ማዋል ነው። መርዙ በዕቃው ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ በማጠብ ብቻ አይለቅም። ሰው ሊታመም፣ ሊሞትም ይችላል። የኬሻ ከረጢቱን በተለምዶ «ማዳበሪያ» የምንለው ማዳበሪያ ስለመጣበት ነው። የኬሚካል ማዳበሪያ የነበረበት ከረጢት ጤፍ ወይም ቡና ሊከተትበት አይገባም።

ጉዳቱ በአንድ ቤት ብቻ አይቀርም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አገኘች። ጥርጣሬው ቡናው በተጫነበት ጆንያ ላይ ወደቀ። ጃፓን የኢትዮጵያን ቡና በብዛት ከሚገዙት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ንግዱ ግን ክፉኛ ተጎዳ። ገበሬው በጥንቃቄ ያመረተው ቡና በመያዣ የተነሣ ገበያ ሊያጣ ይችላል ማለት ነው።

7. ሒሳቡን እንሥራ

«መያዣ ውድ ነው» ብሎ ከመተው በፊት ማስላት ይገባል። ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። አንድ ገበሬ 200 ኪሎ ቲማቲም በጆንያ ጭኖ 30 ኪሎው ተበላሸበት። ኪሎው 20 ብር ቢሸጥ የጠፋው 600 ብር ነው።

አሁን ደግሞ 10 ሳጥን አሠራ እንበል። አንዱ 150 ብር ቢሆን በጠቅላላው 1500 ብር ይሆናል። ሳጥኖቹ 10 ጊዜ ቢያገለግሉ ለአንድ ጉዞ የሚደርሰው 150 ብር ነው። በሳጥን ሲጫን 8 ኪሎ ብቻ ቢበላሽ 160 ብር ይጠፋል። ሁለቱ ሲደመሩ 310 ብር ነው። ከ600 ላይ 310 ሲቀነስ 290 ይቀራል። ገበሬው በየጉዞው 290 ብር አተረፈ ማለት ነው።

ሒሳቡ ሁልጊዜ «ሳጥን አሠራ» አይልም። ምርቱ እንደ ሽንኩርት ጠንካራ ከሆነ፣ መንገዱም አጭር ከሆነ አየር የሚያስገባ ጆንያ ይበቃል። ሳጥኑ ባዶውን ተመልሶ የማይመጣ ከሆነም የተነገረው ትርፍ ይጠፋል። ስለዚህ ከነጋዴው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

1500 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት ለአንድ ሰው ይከብድ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና ጎረቤታሞች ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ገንዘብ አዋጥተው በአንድ ልክ ቢያሠሩ ይቀላል። አንድ ልክ የሆነ ሳጥን በመኪና ላይ ሲደረብ አይናጋም። ገዢውም በአንድ ሳጥን ስንት ኪሎ እንዳለ ስለሚያውቅ ክርክር ይቀንሳል።

8. በመያዣው ላይ መጻፍ

ማንበብና መጻፍ የሚጠቅመው እዚህም ላይ ነው። በመያዣው ላይ አራት ነገር እንጻፍ፦ የምርቱን ስም፣ ክብደቱን፣ የመጣበትን ቦታና የታሸገበትን ቀን። ጥሩ ማር የበላ ሰው ከየት እንደመጣ ካነበበ ተመልሶ ይፈልጋል። ስም የሌለው ማር ግን ቢጥምም ባለቤቱ አይታወቅም። የጻፍነው ሁሉ እውነት ይሁን፤ 5 ኪሎ ብለን ከጻፍን 5 ኪሎ ይሙላ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ለገበያ የሚወጣው ዋና ምርት ምንድን ነው? ጠላቱስ?
2. ቲማቲም የሚጫንበት ሳጥን ጥልቅ መሆን የሌለበት ለምንድን ነው?
3. እንቁላል ከነጭ ጋዝ ጋር አብሮ የማይጫነው ስለምንድን ነው?
4. ባለፈው ገበያ ከወሰዳችሁት ምርት ምን ያህሉ ተበላሸ? በብር አስሉት።
5. ቤታችሁ ውስጥ የመድኃኒት ዕቃ ለምግብ ወይም ለውኃ እያገለገለ እንደሆነ ዛሬውኑ ተመልከቱ።