የመድረክ ልብስ ስታሰፉ ሐኪምም ጠይቁ

ሰኔ ደርሶ የወላጆች ቀን ሲቃረብ እዚህ አቃቂ ቃሊቲ የልብስ ሰፊዎች እጅ ሥራ አይፈታም። ሰሞኑን «ዶክተር፣ ልጄ ባሌት ልትደንስ ነው፤ ምን ዓይነት ልብስ ላሰፋላት?» ያሉኝ እናቶች አሉ። ጥያቄው የልብስ ሰፊ ይመስላል እንጂ የሐኪምም ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። የወገቡ ላስቲክ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ከውስጥ የጥጥ ገበር አሰፉለት፤ ናይለን ላብ አይመጥም፣ ቆዳ ያሳክካል። በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ልብስ አልወድም፤ ልጅ ሲዘል ይከፈታል፣ ይወጋል። ከቀኑ በፊት አልብሳችሁ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትዝለልበት። ትምህርት ቤቱ ልብስ የሚያከራይ ከሆነ ሳይታጠብ አታልብሱ፤ እከክና ጭርት በልብስ ይተላለፋል። ሰው ሠራሽ ጎፈሬና ሻሽ ደግሞ ቅማል ያመላልሳል፤ ከልጅ ልጅ መዋዋስ ይቅር።

ዋናው ጭንቀቴ ግን እሳት ነው።

ኤማ ሊቭሪ የምትባል የፓሪስ ኦፔራ የባሌት ዳንሰኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1862 ልምምድ ላይ እያለች ቀሚሷን የጋዝ መብራት ነካውና ተቀጣጠለ። ስምንት ወር ተሠቃይታ በ20 ዓመቷ አረፈች። የሚያንገበግበው፣ እሳት እንዳይዘው በኬሚካል የተነከረ ቀሚስ በዚያን ጊዜም ነበረ። እሷ ግን ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ያበላሸዋል ብላ እምቢ አለች።

እኛ መድረክ ላይ የጋዝ መብራት የለም። ጀበና ግን አለ! በባህል ትርኢት ላይ ቡና የምታፈላ ልጅ፣ ፍም ያለበት ምድጃ፣ ዕጣን፣ አጠገቧ ደግሞ ቬሎ ላይ የምታውቁት ስስ መረብ ጨርቅ የለበሱ ሕፃናት እየተሽከረከሩ። መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲጨመርበትማ አስቡት። ይሄ ጨርቅ በየድርቡ መሀል አየር ስለሚይዝ ቶሎ ይቀጣጠላል። ናይለንና ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ ስስና ሰፊ ጥጥ እንደ ክብሪት ነው የሚነድደው፤ የሊቭሪም ዘመን ቀሚሶች የጥጥ ነበሩ። የፀጉር ስፕሬይም ተቀጣጣይ ስለሆነ ተነፍቶ ሳይደርቅ እሳት አጠገብ አትድረስ።

ስለዚህ መምህራን፣ እባካችሁ ምድጃው ውስጥ ፍም አታድርጉ። ቀይ ወረቀትና ትንሽ የባትሪ መብራት ይበቃል፤ ከወላጆች መቀመጫ ማንም አይለየውም።

ልብስ ከተቀጣጠለ ልጅቷ እንዳትሮጥ፤ ሩጫ እሳቱን ያራግበዋል። መሬት ላይ አስተኝታችሁ በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ጠቅልላችሁ አንከባሉ። ከዚያ የቧንቧ ውሃ ለ20 ደቂቃ ይፍሰስበት። አምባርና ቀለበት ሳያብጥ ይውለቅ። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን በጉልበት አትላጡ። በረዶ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ የጥርስ ሳሙና የሚባል ነገር አይነካው! የጥርስ ሳሙናውን ማጠብ ለልጁ ሁለተኛ ሥቃይ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ለከባድ ቃጠሎ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።