በእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ስለ ማየትና ስለ መጠበቅ



ዛሬ ከተማሪውም፥ ከመምህሩም፥ ከወላጁም እጅ የማይለይ ዕቃ ቢኖር የእጅ ስልክ ነው። በስልኩም ውስጥ በየቀኑ ከምንከፍታቸው ነገሮች አንዱ ፎቶግራፎቻችንን የምንመለከትበት፥ ሁላችንም ጋለሪ እያልን የምንጠራው ፕሮግራም ነው። ነገር ግን አንድን ነገር አዘውትሮ መንካት ነገሩን ጠንቅቆ ማወቅ አይደለም። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ጋለሪን የማውቀው ይመስለኝ ነበር። አለማወቄን የገለጡልኝ ስልክ ይዘው የማያውቁት አያቴ ናቸው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ለጓደኞቼ ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ በዚህ መጽሔት በአጭሩ ላቀርብ ተነሣሣሁ።

እንደሚታወቀው ከተማችን ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፥ ከዚህ አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የእናቴ አባትም ዕድሜያቸውን የፈጁት እኛ ሸሚንደፈር በምንለው በምድር ባቡሩ የጥገና ሥራ ቤት ውስጥ ነበር። እኔ ግን አላወቅኋቸውም፤ ከመወለዴ በፊት ዐርፈዋል።

አያቴ ያን ጊዜ ይኖሩ የነበረው በደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፥ አያቴ ነፍሳቸውን ይዘው ሲያመልጡ ቤታቸው ከነዕቃው ተወሰደ። የፎቶግራፍ አልበሙም አብሮ ሄደ። ከሰርጋቸው ጀምሮ የነበረው ሁሉ ጠፍቶ አንዲት ፎቶግራፍ ብቻ ቀረች፤ እርሷም የተረፈችው እናቴ ዘንድ፥ ሳቢያን ሰፈር ስለ ነበረች ነው። ፎቶግራፏ ጥቁርና ነጭ፥ መጠኗም የመዳፍ እኩሌታ ነው። በላይዋም ዐሥራ አንድ ሠራተኞች ከአንድ ባቡር ፊት ቆመው ይታያሉ። «ከኋላው ረድፍ ከግራ ሦስተኛው አያትህ ነው» እየተባልሁ አደግሁ።

ያለፈው ዓመት ፋሲካ ዕለት አያቴ ፎቶግራፏን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቢያዩ ቢያዩ ፊቱ አልለይ አላቸው። ወደ እኔም ዘወር ብለው፥ «አቦ ልጄ፥ ሁልጊዜ በዚህ ስልክህ ላይ አጎንብሰህ ነው የምትውለው። እስቲ የሱን ፊት አንድ ጊዜ ደኅና አድርገህ አሳየኝ» አሉኝ።

እኔም ቀላል ነው ብዬ አዲስ አበባ ያለ የአጎቴ ልጅ ቀደም ሲል አንሥቶ የላከልንን ከስልኬ ላይ ከፈትሁ። በሁለት ጣቴም ወደ ፊታቸው ባሰፋው፥ ፊት የነበረው ተበታትኖ እንደ ሸክላ ንጣፍ አራት ማዕዘን፥ አራት ማዕዘን ሆነ። እንኳን እሳቸው እኔም የማየው ሰው መሆኑን ተጠራጠርሁ። አፈርሁም። ትምህርት ቤት እንደ ተከፈተ ይህ ለምን እንደ ሆነ የኮምፒዩተር መምህራችንን ጠየቅኋቸውና አስረዱኝ። ነገሩም እንደሚከተለው ነው።

ፎቶግራፍ በስልክ ውስጥ ምንድን ነው?

በስልክ ውስጥ ያለ ፎቶግራፍ ቀለም አይደለም፤ ቁጥር ነው። ካሜራው ያየውን ነገር ፒክስል በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦች ይከፋፍለዋል። ለያንዳንዱም ነጥብ ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ምን ያህል እንደ ሆነ ከ0 እስከ 255 ባሉ ሦስት ቁጥሮች ይመዘግባል። በእንደዚህ ያለ መንገድ ፎቶግራፍን ወደ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው ራስል ከርሽ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ ጊዜውም በ1957 እ.ኤ.አ. ነበር። ያስገባውም የሕፃን ልጁን ፎቶግራፍ ነው። ያ ሥዕል ወርዱም ቁመቱም 176 ነጥብ ስለ ነበረ በጠቅላላው 30,976 ነጥቦች ነበሩት። ዛሬ 12 ሜጋፒክስል የሚባለው የስልክ ካሜራ ግን በአንድ ጊዜ 12,000,000 ያህል ነጥቦች ይመዘግባል፤ ይህም ወደ 390 እጥፍ ይጠጋል።

አሥራ ሁለት ሚሊዮን ነጥቦች በሦስት ሲባዙ 36 ሚሊዮን ቁጥሮች ይሆናሉ። ይህ ሁሉ እንዳለ ቢቀመጥ የስልኩ ሆድ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ስልኩ ዓይን የማያስተውለውን ጥቃቅን ልዩነት እየተወ ቁጥሩን አጥፎ ያስቀምጠዋል። ለዚህ በብዛት የሚሠራበት ደንብ ጄፔግ ይባላል፤ የወጣውም በ1992 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ የጋለሪ ሥራ ይህን የታጠፈ ቁጥር ዘርግቶ በመስተዋቱ ላይ ብርሃን አድርጎ ማሳየት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችን በጣታችን እየገፋን በፍጥነት የምናልፋቸውም፥ ለያንዳንዳቸው አስቀድሞ ትንንሽ ቅጂ ስለሚዘጋጅ ነው። ትልቁ የሚዘረጋው ስንነካው ነው።

ስለ ማጉላት

ብዙ ሰው ማጉላት ማለት ሥዕሉን መለጠጥ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን መጀመሪያ የሚሆነው ሌላ ነገር ነው። የብዙ ስልኮች መስተዋት ወርዱ 1,080፥ ቁመቱ 2,400 ነጥብ ነው። ወርዱ 4,000፥ ቁመቱ 3,000 ነጥብ የሆነን ፎቶግራፍ ስልኩን አቁመን ስናይ፥ ሥዕሉ በመስተዋቱ ወርድ ልክ እንዲገባ ወደ 1,080 በ810 ይቀነሳል። ይኸውም 874,800 ነጥብ ነው። ስለዚህ ካለን ነጥብ የምናየው ከዐሥራ አራቱ አንዱን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ስልኩን አጋድመን ብናይ 1,440 በ1,080 ስለሚሆን ከስምንቱ አንዱን ያህል እናያለን። እንግዲህ ያልታየውን ከተደበቀበት የምናወጣው በሁለት ጣት ስናጎላ ነው።

ሆኖም ለዚህ ወሰን አለው። ካሜራው ያልመዘገበውን ነጥብ ጋለሪ ከየትም አያመጣውም። ከወሰኑ ካለፍን የሚለጠጠው ያው ነጥብ ራሱ ይሆንና አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። የአጎቴ ልጅ የላከው ፎቶግራፍ የተበላሸብኝም በዚህ ምክንያት ነበር። ልጁ ከሩቅ ሆኖ ነው ያነሣው፤ የላከልንም በቴሌግራም በተራው መንገድ ነው። ቴሌግራም በዚህ መንገድ የሚላክን ፎቶግራፍ አሳንሶ ያደርሳል። እንዳለ እንዲደርስ የሚፈልግ ሰው «ፋይል» በሚለው በኩል መላክ አለበት።

ስለዚህ ፎቶግራፏን ራሴ እንደገና አነሣኋት። የአሮጌ ፎቶግራፍ ቅጂ ለማንሣት የምትሹ ሁሉ እንዲህ አድርጉ። አንደኛ፥ የካሜራውን ዓይን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ሁለተኛ፥ ፎቶግራፉን በመስኮት አጠገብ፥ ፀሐይ በቀጥታ በማይወድቅበት ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ፤ የስልኩን መብራት አታብሩ፥ በወረቀቱ ላይ ያንጸባርቃልና። ሦስተኛ፥ ስልኩን ሳታጋድሉ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፥ ፎቶግራፉ መስተዋቱን እስኪሞላው ድረስ ቅረቡ። አራተኛ፥ ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚፈለገውን ቦታ በጣት ነክታችሁ አንሡ።

በማግስቱ ስልኩን አጋድሜ በአያቴ ፊት ያዝሁና ከኋላው ረድፍ ከግራ ሦስተኛውን ሰው አጎላሁላቸው። ፊቱ ጥርት ብሎ ወጣ። አያቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፥ «ይኼማ እሱ አይደለም» አሉ። ሁላችንም ደነገጥን። ሥዕሉን ቀስ አድርጌ ወደ ጎን ብገፋው፥ አራተኛው ሰው ቆቡን በእጁ ይዞ ራሱን ዘንበል አድርጎ ቆሟል። አያቴም ጣታቸውን መስተዋቱ ላይ አኑረው፥ «እሱ ይኼ ነው። ቆብ ሲያደርግ ራሱን ያመው ነበር» አሉና ዝም አሉ። እናቴም ዝም አለች። በቤታችን ስንት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው አባት ስናይ ኖረናል! ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም፥ በግምት ሲያሳዩን የኖሩት።

ስለ ማጥፋት

አሁን የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ጥፋት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ስልኬ በሰሌዳ ጽሑፎችና በመልመጃ ፎቶግራፎች ተጨናንቆ ቦታ አጣሁ። እኔም በልቤ፥ «ዋናው ፎቶግራፍ ካሜራው ውስጥ አለ፤ ጋለሪ ውስጥ ያለው ቅጂው ነው» ብዬ ከጋለሪ ላይ በጅምላ አጠፋሁ። ከ24 ቀን በኋላ አያቴ ለጎረቤታቸው ሊያሳዩ፥ «የባለቤቴን ፊት አውጣልኝ» አሉኝ። ብፈልግ ብፈልግ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ሆንሁ።

የስሕተቴ ምንጭ ይህ ነው፦ ጋለሪ መስኮት እንጂ ሣጥን አለመሆኑን አለማወቄ። ፎቶግራፎቹ የሚቀመጡት በስልኩ ማኅደር ውስጥ በየፎልደራቸው ነው። ካሜራው ያስቀምጣል፤ ጋለሪ ያሳያል፤ የሚያሳየውም ያንኑ አንዱን ነው። ስለዚህ ከጋለሪ ያጠፋ ሰው ዋናውን አጠፋ። እንዲሁም በብዙ ስልኮች ላይ ፎቶግራፍን ወደ አልበም ማስገባት ሁለተኛ ቅጂ ማውጣት አይደለም።

ደግነቱ ዛሬ ብዙዎቹ ጋለሪዎች የጠፋውን ፎቶግራፍ ወዲያው አይጥሉትም። ቆሻሻ መጣያ በሚመስል ምልክት በተለየ ክፍል፥ ብዙውን ጊዜ ለ30 ቀን ያቆዩታል። ይህንንም መምህሬ ነገሩኝና ከፈትሁት። የአያቴ ባል ከፊዚክስ መልመጃዎቼ መካከል ቆመው አገኘኋቸው። በሥራቸውም 6 ቀን እንደ ቀራቸው ተጽፎ ነበር። «መልስ» የሚለውን ስነካ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለ ቀንና ስለ ቦታ

ጋለሪ ፎቶግራፎችን በተርታ የሚያሰልፈው በአብዛኛው በተነሡበት ቀን ነው። ካሜራው ከሥዕሉ ጋር ቀኑንና ሰዓቱን፥ የስልኩን ዓይነት፥ ፈቃድ ከተሰጠውም የቦታውን ልክ አብሮ ይጽፋል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማር። የመጀመሪያው፥ ስልኩ የሚያውቀው ቅጂው የተነሣበትን ቀን ብቻ ስለ ሆነ፥ ሟቹ አያቴን ባለፈው ዓመት የነበሩ ሰው አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ስለዚህ የሰዎቹን ስምና ዘመኑን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ሳለ ጠይቆ መጻፍ የእኛ ፋንታ ነው። ሁለተኛው፥ በ«ፋይል» በኩል የሚላክ ፎቶግራፍ የቤታችንን ቦታ ይዞ ሊሄድ ይችላልና፥ ለማናውቀው ሰው ከመላካችን በፊት እናስብ። በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ ቦታ መመዝገቡን ማስቆም ይቻላል።

ማጠቃለያ

ፎቶግራፍ ከጥንትም ተሰባሪ ነገር ነው። በጎረቤታችን በሐረር ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ለቤተሰቡ ሲልክ፥ ያጠበባቸው ውሃ መጥፎ በመሆኑ እንደ ነጡበት ጽፏል። የእርሱን ፎቶግራፎች የማጠቢያ ውሃ አነጣቸው፤ የአያቴን አልበም ጎርፍ ወሰደው፤ የእኔን ቅጂ ደግሞ የገዛ ጣቴ ሊወስደው ነበር። ስለዚህ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ፎቶግራፍ ነገ እንደሚጠፋ አድርጋችሁ ቍጠሩት።

እኔ ከዚያ ወዲህ ቅጂውን በሜሞሪ ካርድ፥ በእናቴ ስልክና በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስቀመጥሁ። ከዚህም በቀር ከዚራ ካለ ፎቶ ቤት አስጎልቼ በወረቀት አሳተምሁና ከጀርባው አያቴ የነገሩኝን ስሞች ጻፍሁ። ከዐሥራ አንዱ ሠራተኞች ሰባቱን ያስታውሳሉ። አራቱ ገና ስም የላቸውም። የእኔ አያት ተብለው ይቈጠሩ የነበሩት ሦስተኛው ሰው ግን ስማቸው ታውቋል፤ ልጆቻቸውም እዚሁ መጋላ ስለሚኖሩ የእነርሱን ቅጂ ወስጄ ሰጠኋቸው። እነርሱም የአባታቸው ፎቶግራፍ አልነበራቸውም።

ውድ ጓደኞቼ፥ በየቤታችን አንድ አሮጌ ፎቶግራፍና አንድ ሽማግሌ አይጠፉም። በሚመጣው ዕረፍት ሁለቱን አገናኙአቸው፤ ስልካችሁንም አጋድማችሁ አጉልታችሁ አሳዩአቸው፤ የሚሉትንም ጻፉ። ሳይደርቅ በርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ይሏልና።