ውሻ ለነከሰው ሰው የሚገባው ካሣ፦ የጁባር ሐዲስ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግና የአሶሳ የሡልህ መድረክ

ውሻ የነከሰው ልጅ አባት አቤቱታውን ይዞ አስቀድሞ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ወደ ፍርድ ቤት አይደለም። በአሶሳ ከተማም ሆነ በባምባሲ፣ በመንጌ፣ በሆሞሻና በኩርሙክ ወረዳዎች ሰዎች ጎረቤት ናቸው፤ በአንድ ሰፍ ይሰግዳሉ፤ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በኢማሙና በሽማግሌዎች ፊት በሡልህ መጨረስን ይመርጣሉ። ምርጫው መልካም ነው። ችግሩ የሚጀምረው የውሻው ባለቤት፣ ወይም ለእርሱ የሚያግዝ ሰው፣ እንስሳ ያደረሰው ጉዳት ጁባር መሆኑን የሚገልጸውን ሐዲስ ጠቅሶ ተበዳዩ ምንም የሚጠይቀው የለም ሲል ነው። ኢማሙ ሐዲሱ ሶሒሕ መሆኑን ያውቃል፤ ስለዚህም ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ የሚጠፋው መብት ሸሪዓም የአገሪቱ ሕግም ያጸኑት ሊሆን እንደሚችል ማሳየት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ሐዲሱን ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ይዘው ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እንስሳ፣ ጉድጓድና የማዕድን ቁፋሮ ያደረሱት ጉዳት ጁባር መሆኑን፣ በሪካዝ ላይ ደግሞ አንድ አምስተኛ እንደሚከፈል ይናገራል። ጁባር ማለት ካሣ የማይከፈልበት ማለት ነው፤ ኢማም ማሊክ በሙወጦእ ቃሉን የፈቱት ዲያ የሌለበት በሚል ነው። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ እንስሳን የሚጎትት፣ የሚነዳና የሚጋልብ ሰው ሁሉ እንስሳው ለሚጎዳው ተጠያቂ መሆኑን አስፍረዋል፤ ምንም ሳይነካው በራሱ የረገጠውን ብቻ ለይተዋል። ሐዲሱን የዘገቡት ኢማም ራሳቸው ሐዲሱ ያልተገደበ ነው ብለው አልተረዱትም ማለት ነው። ክልሉ የማሊኪ መዝሀብ ከጸናበት ሱዳን ጋር የሚዋሰን እንደመሆኑ፣ ይህ ነጥብ በዚህ አካባቢ ለሚያስተምሩ ዑለማእ ልዩ ክብደት አለው።

ገደቡን የሚያሳይ ሌላም መረጃ አለ። የበራእ ኢብን ዓዚብ ግመል የሰው አትክልት ገብታ ባበላሸች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አትክልትን በቀን መጠበቅ የአትክልቱ ባለቤት ግዴታ መሆኑን፣ እንስሳት በሌሊት ላጠፉት ግን የእንስሳቱ ባለቤቶች ተጠያቂ መሆናቸውን ፈርደዋል። የፍርዱ መሠረት የጥበቃ ግዴታ ነው። መጠበቅ የነበረበት ሰው ሳይጠብቅ ከቀረ ጉዳቱ ከእንስሳው ወደ ሰውየው ይዞራል።

ፉቀሃእ ይህን መርሕ በቀጥታ በውሻ ላይ ተግባራዊ አድርገውታል፤ ለዚህም ከልብ ዐቁር፣ ማለትም ተናካሽነቱ የታወቀ ውሻ፣ የሚል መለያ አላቸው። ኢብን ቁዳማ በአል-ሙግኒ እንደሚሉት፣ ተናካሽ ውሻ ይዞ የለቀቀ ሰው ውሻው በቀንም ሆነ በሌሊት ሰው ቢነክስ ወይም ልብስ ቢቀድ ይከፍላል፤ ተነካሹ ያለ ፈቃድ ወደ ቤቱ የገባ ከሆነ ግን ወሰን ያለፈው እርሱ ስለሆነ ካሣ የለውም። ተፈቅዶለት የገባ እንግዳ ካሣው ይገባዋል። የሐነፊን መዝሀብ ተከትሎ በኦቶማን መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው መጀላ በአንቀጽ 94 የጁባርን መርሕ ካስቀመጠ በኋላ፣ በአንቀጽ 929 ላይ የሚወጋ በሬና ተናካሽ ውሻ ያለው ሰው ከሰፈሩ ወይም ከመንደሩ አንድ ሰው እንዲያስር አሳስቦት ሳያስር ከቀረ ካሣ እንደሚከፍል ይደነግጋል። በማሊኪዎችም ዘንድ ለባለቤቱ አስቀድሞ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ትልቅ ቦታ አለው።

ስለዚህ ሐዲሱ ሲነሣ ኢማሙ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ውሻው ከዚህ በፊት ሰው ነክሷል ወይ? ጎረቤት ተናግሮ ነበር ወይ? ታስሮ ነበር ወይስ ተለቆ? ተነካሹ የት ነበር? መልሱ የባለቤቱን ጉድለት ካሳየ ጁባር የሚለው ቃል መከላከያ አይሆነውም። ባለቤቱ ውሻውን ለምን እንደያዘም ማየት ተገቢ ነው፤ ለእረኝነት፣ ለአደንና ለእርሻ ካልሆነ በቀር ውሻ መያዝ በየቀኑ ምንዳን እንደሚቀንስ በሐዲስ ተነግሯልና።

የሚቀረው ከባድ ጥያቄ፣ ከዚህ በፊት ነክሶ የማያውቅ ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነክስ ነው። በፊቅህ መጻሕፍት አጠቃላይ አካሄድ ባለቤቱ ካላወቀና ካላጠፋ አይከፍልም። የኢትዮጵያ ሕግ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ እንስሳው በድንገት ያመለጠው ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ። አንቀጽ 2086 ጥፋት የለብኝም የሚለውን መከራከሪያ ይዘጋል፤ ባለቤቱን በሙሉ ወይም በከፊል የሚያድነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው። በአንቀጽ 2072 መሠረት ውሻውን ተውሶ፣ ተከራይቶ ወይም ለመጠበቅ ተረክቦ የያዘ ሰውም በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል።

ሁለቱን የሕግ ሥርዓቶች ለማቀራረብ ያህል የራሴን አስተያየት ልጨምር። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ውሻውን ሳያስከትብ መንገድ ላይ የሚለቅ ሰው፣ ውሻው ነክሶ ባያውቅም፣ ጉድለት የለበትም ለማለት ያስቸግራል። የጥንት ፉቀሃእ የጎረቤትን ማሳሰቢያ እንደ ማስጠንቀቂያ ቆጥረውታል፤ ዛሬ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ለሕዝብ የሚሰጡት ማሳሰቢያ ከዚያ የሚያንስ አይመስለኝም።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ አንባቢን የሚያስገርም አንድ አንቀጽ አለ። በ2074 መሠረት ጉዳቱን ያደረሰው የቤት እንስሳ ከሆነ ባለቤቱ የእንስሳውን ባለቤትነት ለተጎጂው በመልቀቅ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል። ለበሬ ይህ ትርጉም አለው። የነከሰውን ውሻ ለተነከሰው ሰው መስጠት ግን ካሣ ሳይሆን ሌላ ሸክም ነው። ደግነቱ አንቀጹ ባለቤቱ ወይም እርሱ ኃላፊ የሚሆንለት ሰው ጥፋት ካለበት አይሠራም፤ ስለዚህ ከላይ የዘረዘርናቸው ጥያቄዎች በመንግሥት ፍርድ ቤትም ዋጋ አላቸው።

የካሣው ልክ በአንቀጽ 2091 ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ነው። የሕክምና ወጪ፣ ክትባቱ በቅርብ ካልተገኘ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ፣ ከሥራ በመቅረት የታጣ ገቢ፣ የአካል ጉድለት ካስከተለም ወደፊት የሚታጣው ሁሉ ይታሰባል። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። በዘመኑ ቁም ነገር የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ ለፊቷ ጠባሳ የምታለቅስ ልጃገረድ ምን ያደርግላታል? በሡልህ ግን ተዋዋዮቹ በዚህ ጣሪያ አይታሰሩም፤ ሽምግልና ከፍርድ ቤት የተሻለ ሊሰጥ የሚችልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። ጉዳቱ ለሞት ካደረሰ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በአንቀጽ 2095 መሠረት ካሣ ይጠይቃሉ። ውሻውን ሆን ብሎ ሰው ላይ የለቀቀ ወይም በቸልተኝነቱ አካል ያስጎዳ ሰው ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሊከሰስ ይችላል።

ስለ ሥልጣን ብዙ ጊዜ ስህተት ይፈጠራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) በተከራካሪዎች ፈቃድ ለሃይማኖታዊ ዳኝነት የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ጉዳዮችን ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188ም ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ሞግዚትነትን፣ ውርስን፣ ስጦታንና ወቅፍን የሚመለከት ነው። የአካል ጉዳት ካሣ ከዚህ ውጭ ስለሆነ ሡልህ ካልተሳካ መንገዱ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ጊዜውም ገደብ አለው፤ በአንቀጽ 2143 ጥያቄው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ ግን ያ ረዥሙ ይርጋ ይሠራል። ሽምግልናው ከወር ወደ ወር ሲጓተት ይህ ቀን እንደማይጠብቅ ለተበዳዩ መንገር አማና ነው።

ከካሣው ሁሉ የሚቀድም ግን ነፍስ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከተነከሱ በኋላ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ይከላከለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ አለበት። ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ ስለማጠብ የመጣው ሐዲስ የጦሃራ ሕግ ነው፤ ለቁስል ሕክምና በቂ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ኡስታዙ ሊያርመው ይገባል። ሩቅያ የሚቀራ ሰውም ተነካሹን ከጤና ተቋም አያዘግየው። ውሻውን በንዴት ወዲያው መግደልም አይመከርም፤ ታስሮ ለ10 ቀን ቢታይና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን የማስተላለፍ አቅም እንዳልነበረው ይታወቃል፤ ለካሣ ክርክሩም ማስረጃ ይሆናል።

ይህ የሕክምና እውነታ የሡልሁን አጻጻፍ ይለውጠዋል። በሽታው ከተነከሱ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ተደብቆ ይቆያል። በሦስተኛው ቀን በተደረገ ዕርቅ ተበዳዩ ጥቂት መቶ ብር ተቀብሎ ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም ብሎ ቢፈርም፣ ገና ያልታወቀን ጉዳት ጭምር ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ የክትባቱን ወጪ ሙሉ በሙሉ ወዲያውኑ እንዲከፍል፣ የቀረው ካሣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ እንዲወሰን፣ ኋላ የሚከሠት ሕመም ከዕርቁ ውጭ መሆኑ በጽሑፍ በምስክሮች ፊት እንዲሰፍር ማድረግ ይገባል። ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እብድ ሊሆን ይችላል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 40 ከመቶው ከ15 ዓመት በታች መሆናቸውን ይገልጻል። በአብዛኞቹ ፉቀሃእ ዘንድ ደግሞ ወሊይ ለሕፃኑ በሚጠቅም ልክ መታረቅ ይችላል እንጂ የልጁን የካሣ ገንዘብ በነፃ ይቅር ማለት አይችልም፤ ገንዘቡ የልጁ ነውና። አባት ለጉርብትና ሲል ለአላህ ብዬ ትቻለሁ ሲል ኢማሙ የራሱን ድርሻ እንጂ የልጁን መተው እንደማይችል በትሕትና ያስታውሰው።

ውሻው ባለቤት የሌለው ከሆነ የሚከሰስ ሰው አይገኝም፤ የክትባቱ ሰዓት ግን ያው ነው። ተነካሹ ድኻ ከሆነ ከዘካና ከሶደቃ የሚገባውን ሰጥቶ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ተቋም መላክ የጀመዓው ድርሻ ነው።