ማርሹ ለምን ይያዛል?

የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሽቅብ በብስክሌት ለሚወጣ ተማሪ ዳገቱን የሚያቀልለት ማርሹ ነው። ማርሹ እንቢ ሲል ብዙዎች «መቀየሪያው ተበላሽቷል» ብለው ይጥሉታል። እኛ ግን አስቀድመን ሰበቃን እንመርምር እንላለን።

ኃይለኛ በሬ የያዘ ገበሬ ገመዱን በግንድ ላይ ሁለት ዙር ቢጠመጥመው በአንድ እጁ ይገታዋል። የገመዱ ውጥረት በየዙሩ የሚለወጠው በመደመር ሳይሆን በመባዛት ነውና። ሕጉ የሚታወቀው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ በሊዮናርድ ኦይለር ስም ነው። በሽፋኑ ውስጥ የሚጠማዘዘውን የማርሽ ሽቦም ይኸው ሕግ ይገዛዋል። የመታጠፊያዎቹ ድምር 180 ዲግሪ ነው እንበል። የሰበቃ ኮኤፊሸንቱ 0.1 ሲሆን ከኋላው ሞላ ጉተታ 73 በመቶው ያልፋል፤ አቧራና ዝገት ወደ 0.3 ካደረሱት ግን 39 በመቶው ብቻ!

ስለዚህ በአብዛኞቹ ብስክሌቶች፣ ጣት ስቦ ወደ ትልቁ ጥርስ ያወጣው ካቴና በሞላው ኃይል ወደ ትንሹ መመለስ ሲያቅተው ጥፋቱ የሽቦው ነው። ሽቦውንና ሽፋኑን መለወጥ፣ ጥምዙንም መቀነስ ይበቃል።

የሽቦውን ጫፍ ከኋላ ፈትተን በእጅ ወጥረን ስንይዘው መቀየሪያው ካልነከሰ ግን፣ በውስጡ ያለችው ትንሽ መንጠቆ በደረቀ ግራሶ ተጣብቃለች። ነጭ ጋዝ እያንጠባጠቡ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ፣ ሲደርቅም ቀጭን ዘይት ጠብ ማድረግ ነው። ወፍራም ግራሶ መልሶ መሙላት (ብዙ ጠጋኞች የሚወዱት መድኃኒት) ለመጪው አቧራ ማጣበቂያ ማዘጋጀት ነው። ነጭ ጋዙ ጎማውንና የፍሬኑን ላስቲክ እንዳይነካ፣ እሳትም በአቅራቢያው እንዳይኖር ያስፈልጋል።