ከመቃብር ድንጋይ ላይ የቀሩ ፊቶች፦ የሚካኤል ፀጋዬ የፖርትሬት ሥራ

በሺንሺቾም ሆነ በሆሳዕና፣ ለመታወቂያ የተነሡት ጉርድ ፎቶግራፍ ከባለቤቱ ዕድሜ አልፎ ሌላ አገልግሎት ይሰጣል። ሰው ሲያርፍ ያው ጉርድ ተለቅ ተደርጎ ይታተምና ለቅሶ ቤት ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ በመስታወት ተሸፍኖ ይለጠፋል። የአዲስ አበባው ፎቶግራፍ አንሺ ሚካኤል ፀጋዬ ከታወቁ ሥራዎቹ አንዱን የመሠረተው በዚህ የመጨረሻ ማረፊያ ላይ ነው።

ሚካኤል በ1975 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወለደ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ሥዕል አጥንቶ በ2002 እ.ኤ.አ. ተመረቀ። ይሁን እንጂ ሰውነቱ የዘይት ቀለምን አልቀበልም አለ፤ ሠዓሊነቱን ትቶ ካሜራ የያዘው በአለርጂ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አንኮበር፣ በወሲብ ንግድ ስለሚተዳደሩ የአዲስ አበባ ሴቶች፣ እንዲሁም ስለ ከተማይቱ መፍረስና መገንባት ተከታታይ ሥራዎችን አቅርቧል።

«ቻዝምስ ኦፍ ዘ ሶል» (የነፍስ ገደሎች) በተባለው ተከታታይ ሥራው ግን ሚካኤል ሕያው ሰው አላነሣም። ያነሣው በአዲስ አበባ መካነ መቃብሮች የተለጠፉትን፣ ፀሐይና ዝናብ ያደበዘዛቸውን ፎቶግራፎች ነው። የዚህ መደብዘዝ ምክንያት ግልጽ ነው፦ ብርሃን የኅትመቱን ቀለም ያነጣዋል፤ በመስታወቱ ስንጥቅ የሚሰርገው እርጥበት ደግሞ ምስሉን የተሸከመውን ስስ የጄላቲን ሽፋን ያላቅቀዋል። ጉዳቱ ወጥ አለመሆኑ ነው ሥራውን ከሰነድነት በላይ ያደረገው። አንዱ ጋ ዓይን ጠፍቶ አንገትጌ ይቀራል፤ ሌላው ጋ ፊት የነበረበት ቦታ ሻጋታ ብቻ ነው። የሠዓሊነት ትምህርቱ ከሌሎቹ ሥራዎቹ ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል ማለት ይቻላል፤ እርጥበቱ የተወው ዝንጉርጉር ቀለም ብሩሽ ያረፈበት ይመስላልና።

አንድ ጥያቄ ግን ሳይፈታ ይቀራል። የመጀመሪያውን ምስል ያነሣው ስሙ ያልተመዘገበ የስቱዲዮ ባለሙያ ነው፤ መርጦ የለጠፈው ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ፎቶግራፍ በኤግዚቢሽን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሚታወቀው የሚካኤል ስም ነው። በምስሉ ያለውን ሟች፣ ዘመዱ እንኳ ቢመጣ፣ በፊቱ ሊለየው አይችልም።