«ጨጓራ ነው» ብለን አንዘናጋ

አንድ አባት ከሱብሒ ሶላት ሲመለሱ ደረታቸው መሐል ድንጋይ የተጫነባቸው ያህል ከበዳቸው እንበል። ፊታቸውን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው። ቁንዝላን በመሰሉ የጣና ዳርቻ ከተሞች የምንኖር ቤተሰቦች ምን እንላለን? ብዙ ጊዜ «ጨጓራ ነው፣ አብሽ ይጠጡ»፣ ወይም «ውጋት ነው፣ ትንሽ ጋደም ይበሉ» እንላለን። ሕመሙ ግን ሐኪሞች «ሃርት አታክ» የሚሉት ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ እንዴት ይመጣል?

ለልብ ደም በሚያደርሱ ሥሮች ግድግዳ ላይ ለዓመታት ስብ ይጠራቀማል። ሲጋራ፣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ይህን ያፋጥኑታል። የተጠራቀመው ስብ አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም በላዩ ይረጋና ሥሩን ይዘጋዋል። ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻም መሞት ይጀምራል፤ የሞተው ክፍል ደግሞ ተመልሶ አይድንም።

ምልክቶቹ

ዋናው ምልክት ደረትን የሚጫን ወይም የሚጨመድድ፣ ዕረፍት አድርገውም የማይለቅ ሕመም ነው። ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ ትከሻ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሊሰራጭ ይችላል። ቀዝቃዛ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽና ማዞርም አብረውት ይመጣሉ። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን ላይ ግን ያለ ደረት ሕመም፣ በድካምና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊገለጥ ይችላል። እናቶቻችን «ደከመኝ» ሲሉ ችላ አንበል።

ምን እናድርግ?

ሕመምተኛውን ቁጭ አድርገን ልብሱን እናላላለት፤ በእግሩ እንዲሄድ አንፍቀድ፤ ብቻውንም አንተወው። አስፕሪን የማይስማማው ወይም የመድማት ችግር ያለበት ካልሆነ 300 ሚሊግራም አስፕሪን አኝኮ ይዋጥ። ከዚያ ሳንዘገይ መኪና ፈልገን በቅርብ ወዳለው የጤና ተቋም እናድርሰው፤ የጀመረው መቼ እንደሆነም ለባለሙያው እንንገር። ከቁንዝላ ተነስቶ በዱርቤቴ በኩል ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ለመድረስ መንገዱ ረጅም ነው። መንገዱን ማሳጠር አንችልም፤ ቤት ውስጥ በአብሽ የምናባክነውን ሰዓት ማዳን ግን እንችላለን።

አንዳንዶቻችን ዱዓ እያደረግን ሐኪም ዘንድ መሄድ የእምነት መጉደል ይመስለናል። በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ እንደተዘገበው ሰዕድ (ረ.ዐ.) በታመሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እጃቸውን በደረታቸው ላይ አኑረው ሕመሙ የልብ መሆኑን ነገሯቸው፤ ወደ ሐኪሙ አል-ሓሪስ ኢብን ከለዳ እንዲሄዱም አዘዟቸው። እኛስ ምን እንጠብቃለን?

አላህ ቤተሰቦቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።